ሦስት ክብና የአባዬ ፍየል

ትናንት ከቤት ስንቅ መጣልን። በመርሳ ሚኒባስ ጣራ ላይ ተጭኖ የመጣ፣ አፉ በሲባጎ የተሰፋ ማዳበሪያ ነው። ውስጡ በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በመካከሉ ደግሞ እንዳይጨፈለቁ በጭድ የተሸፈኑ ስድስት ማንጎዎች። ከሁሉም ሥር አንዲት የሚጥሚጣ ጥቅል ነበረች፣ እማ በወረቀት ጠቅልላ በክር ጥፍር አድርጋ ያሰረቻት። ገና ክሩን ስፈታው ሦስት ጊዜ በተከታታይ አስነጠሰኝ። እንባዬን ጠርጌ ወረቀቱን ሳየው ጽሑፉ የራሴ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ደብተሬ የተገነጠለ ቅጠል፣ አራት ቦታ ታጥፎ ብዙ ከመቆየቱ የተነሣ በእጥፋቱ የሳሳ። ላዩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ አንዱ ከአንዱ በላይ የተደረደሩ ሦስት ክቦች፣ መካከለኛው በቀይ የተቀባ፣ ከጎናቸው ሌላ ሦስት ክቦች፣ በመሐላቸው ወዲህና ወዲያ የሚሄዱ ቀስቶች። "ሰብለ! ድረሽ፣ ያ ጉዳችን መጣ!" ብዬ ጮህኩ። ሰብለ የጎረቤታችን የአያ ሞላ ልጅ ናት፤ እዚህ ወልድያ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን ነው የምንማረው። ፀጉሯን ግማሹን ተሠርታ ግማሹን እንደበተነች ሮጣ መጣችና ወረቀቱን አንሥታ ስታይ ሚጥሚጣው እሷንም አስነጠሳት። እየሳቅንና እያስነጠስን ሁለታችንም መሬት ላይ ቁጭ አልን።

ትዝታ ለመጻፍ ሽበት ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። የአማርኛ መምህራችን የዛሬ ወር ድርሰቴን ሲመልሱልኝ "አንቺ ልጅ፣ ድሮ ድሮ የምትይው የትኛውን ድሮ ነው?" ብለው ክፍሉ በሙሉ ስቆብኛል። ግን ከታች በቀይ "ጻፊ፣ አታቁሚ" ብለው ጽፈውልኛልና ይኸው አላቆምኩም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ድሮዬ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ ማን ነው ሦስት ዓመት ድሮ አይደለም ያለው? ያን ጊዜ ከመንደራችን መርሳ በባጃጅ አሥር ብር ነበር፤ አሁን ሠላሳ ከፍዬም "ጠጋ በይ፣ አንድ ሰው ይገባል" እባላለሁ። ቦንቦሊኖ አምስት ብር ሆኖ የመዳፌን ያህል ነበር፤ ዛሬ በአሥራ አምስት ብር ስገዛ ያልቀነሰው መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው። የዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ሁሉ ጫፉ ላይ ፈርጥ የተለጠፈበት ሻርፕ ነበራት። የኔ አረንጓዴ ነበር፤ የሄድኩበት መንገድ ሁሉ በረገፈው ፈርጥ ይታወቅ ነበር። ሰብለ ሻርፑ ስላማራት ብቻ ነጠላዋን ትታ አንገቷ ላይ ትጠመጥመው ስለነበር፣ የማያውቀን ሰው "የትኛዋ ናት የይማም ልጅ?" እያለ በአባዬ ስም ይጠይቅ ነበር። መርሳ መናኸሪያ ጥግ ላይ ደግሞ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ነበር፤ ጠዋት ሲከፈት በአምባሰል ጀምሮ ማታ ሲዘጋ በአምባሰል ይጨርሳል። አሁን እዚያ ቦታ የስልክ ሽፋን ነው የሚሸጠው፤ ዝም ያለ ሱቅ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ያናድደኛል።

መንደራችን በመርሳና በግራና መካከል ነው፤ ማንጎ፣ ሽንኩርትና ነገረኛ ፍየል የሚበዛበት። ቤታችንና የአያ ሞላ ቤት በአንድ የቁልቋል አጥር ነው የሚለያዩት። አባዬና አያ ሞላ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። በዒድ እነ ሰብለ ከኛ ቤት አይጠፉም፤ በፋሲካ ደግሞ አያ ሞላ ለኛ ተብሎ ለብቻው የሚታረድ ጠቦት አዘጋጅተው አባዬ ራሱ ሄዶ ያርደዋል። አባዬ መስኖ ሲያጠጣ አያ ሞላ ከአጥሩ ማዶ "ይማም፣ ማሳህን ነው ወይስ እግርህን ነው የምታጠጣው?" ብለው ይሰድቡታል፤ እሱም የማይረባ ነገር ይመልስላቸዋል፤ ሁለቱም እንደ ሕፃን ይንከተከታሉ። ስለዚህ ሰብለና እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሰን ወልድያ ተማሪ በውጤት መርጦ የሚያስገባው ትምህርት ቤት ስናልፍ ነገሩ ለሁለቱ አባቶች ቀላል ነበር። አንድ ክፍል ቤት ይከራዩልናል፤ አንዷ ሌላዋን ትጠብቃለች፤ ስንቁ በአንድ ማዳበሪያ ይመጣል። አንዷን ብቻዋን ግን ማንም አይልክም። ወይ ሁለታችን እንሄዳለን፣ ወይ ሁለታችን እንቀራለን። ይህ ተባለና ሳምንት ሳይሞላው ፍየሏ ገባች።

አያ ሞላ ከሲሪንቃ የግብርና ምርምር በኩል የተገኘ፣ የተዳቀለ የማንጎ ችግኝ በዚያ ክረምት ሦስት እግር ተክለው ነበር። የሚያዩአቸው እንደ ሙሽራ ነው፤ ዝናብ ሲበረታ ወጥተው በቅጠል ያለብሷቸዋል። የአባዬ ቡሬ ፍየል ከቁልቋሉ ሥር ሾልካ ገብታ የአንዱን አናት ከላይ ቀጥፋ በላችው። ቅጠሉ ገና ከአፏ ሳይወድቅ ያዟትና በአንገቷ እየጎተቱ መጡ። አባዬ ያን ጊዜ ደጃፍ ላይ ከሦስት ሰዎች ጋር ቆሞ ስለ ቦይ ጠረጋው ይመክር ነበር። አያ ሞላ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "ይማም! ስንቴ ልንገርህ? እንደ ሰው ፍየልህን እሰር እንጂ! ደግሞ አጥርህን አጥብቅ! ሰማኸኝ?" አሉት። አባዬ ቀና አለና፣ "ልጅህ መሰልኩህ እንዴ?" አላቸው። ከዚያ ፍየሏን ተቀብሎ ገባ። ነገሩ ይኸው ነው። የተጨመረ ስድብ የለም፣ የተነሣ ዱላ የለም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተነጋገሩም። እማ "ከሦስት ቀን በላይ መኳረፍ ሐራም ነው" እያለች ስትጨቀጭቀው፣ አባዬ ጠዋት ጠዋት ወደ ቁልቋሉ ዞሮ "እንዴት አደራችሁ" ይል ጀመር፤ ለቁልቋሉ ይሁን ለማን አይታወቅም። ከማዶ አያ ሞላ ለበሬያቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ይመልሳሉ። ስለ ወልድያው ክፍል ግን ቁልቋልም በሬም ምንም አላለም። ቤቱን አብረው ሄደው ሊያዩ ያሰቡበት ቀን መጣና አለፈ። ሰብለና እኔ ማታ ማታ በአጥሩ ቀዳዳ፣ ፍየሏ በሾለከችበት በዚያው ቀዳዳ እየተያየን አለቀስን።

በዚያ መሐል ነው መርሳ ላይ ለሴት ተማሪዎች የሁለት ቀን የክረምት ሥልጠና አለ የተባለው። ያሠለጠነችን ትዕግሥት የምትባል፣ ሥነ ልቦና ተምራ ለእረፍት የመጣች የመርሳ ልጅ ነበረች። ሰሌዳው ላይ ሦስት ክብ ሣለችና፣ "በእያንዳንዳችሁ ውስጥ ሦስት ሰው አለ" አለችን። አንዷ ልጅ ወዲያው ሆዷን ያዘች። "በሆድ አይደለም፣ በአነጋገር ነው" አለች ትዕግሥት። የላይኛው ክብ ወላጅ ነው፤ ካሳደጉን ሰዎች የወረስነው ድምፅ፤ ያዛል፣ ይቆጣል፣ "ስንቴ ልንገርህ" ይላል፣ ደግሞም "አይዞሽ" እያለ ያባብላል። የመካከለኛው አዋቂ ነው፤ ይጠይቃል፣ ያመዛዝናል፣ ስንት ሰዓት ነው ሲሉት አራት ሰዓት ነው ብሎ ዝም ይላል። የታችኛው ልጅ ነው፤ ይፈራል፣ ያኮርፋል፣ ይስቃል፣ ይጫወታል፣ ሰባ ዓመት ቢሞላንም አያድግም። ሰው ሲናገር ከአንዱ ክቡ ቀስት ይወረውራል፤ ቀስቱ ከሌላው ሰው አንድ ክብ ላይ ያርፋል። ቀስቱ ያረፈበት ክብ ራሱ መልሶ ወደ ተነሣበት ከላከው ወሬው ይቀጥላል። ሌላ ክብ ዘሎ ከመለሰና ቀስቶቹ ከተጠላለፉ ግን ወሬው እዚያው ይቆማል። "ደብተሬን አይተሻል?" ስትባይ "ጠረጴዛው ላይ ነው" ካልሽ ቀስቱ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። "እኔ የደብተርሽ ዘበኛ ነኝ?" ካልሽ ግን ተጠላለፈ። ይህን ስትናገር ሰብለ በክርኗ ጎሸመችኝ። እኔም ልቤ ዘሎ ነበር። ስንቴ ልንገርህ! ልጅህ መሰልኩህ እንዴ! አባዬ አንድ ቀን ሳይሠለጥን ትምህርቱን ከነሥዕሉ ተናግሮታል! አያ ሞላ ከወላጅ ክባቸው ወደ ልጅ ክቡ ወረወሩ፤ አባዬ ደግሞ ልጅ አልሆንም ብሎ ከሌላ ክብ መለሰ፤ ቀስቶቹ በፍየሏ አናት ላይ ተጠላለፉ። ከደስታዬ ብዛት ክቦቹን በቀለም ማድመቅ ጀመርኩ። ትዕግሥት ያን ጊዜ "ሦስቱም ክቦች ያስፈልጉናል፣ አንዱም ቆሻሻ የለበትም" የሚል ነገር ተናግራ ነበር አሉ። እኔ አልሰማሁም፤ የመካከለኛውን ክብ ቀይ እየቀባሁ ነበር። በሁለተኛው ቀን ደግሞ መርሳ መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ ሳንሻገር ቀረን።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሰው በሰላም አላደረም። እማ "አንቺ ሐያት! ያን እቃ አጥቢ አላልኩሽም?" ስትለኝ፣ ደብተሬን ገልጬ፣ "እማ፣ አሁን ያናገርሽኝ ከወላጅ ክብሽ ነው" አልኳት። "ታዲያ ከማን ክብ ላናግርሽ? ከጎረቤት ልበደር?" አለች። "ከአዋቂ ክብሽ፦ ሐያት፣ እቃው በስንት ሰዓት ይታጠባል? ብትይኝ እኮ..." እስክጨርስ አልጠበቀችም፤ እቃው በዚያው ደቂቃ ታጠበ። የባጃጅ ሾፌር "ወይ ማር! የመርሳ ማር! ወዴት ናት?" ሲለኝ ሰብለ ከኋላ ወንበር፣ "ይሄ ልጅ ክብ ነው፣ በአዋቂ መልሺለት" አለችኝ፤ እኔም "መርሳ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ" አልኩት። ሰውዬው መንገዱን በሙሉ በመስታወት እያየኝ "ቤት ሰላም ነው? ሰው ታሟል?" እያለ ጠየቀኝ። ያ ነገር ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር። አላስጠነቀቀኝም።

ምዝገባው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሰብለ ጋር ተማከርን። እኔ አባዬን፣ እሷ አባቷን እናሠለጥናለን። ሁለቱም ከአዋቂ ክባቸው ብቻ ከተናገሩ ቀስት አይጠላለፍም። ለየአንዳንዳቸው ክቦቹን በወረቀት ሥለን ሰጠናቸው፤ አንዱ ለሌላው እንዳያወራ (እንዲያውም አይነጋገሩም!) ነገሩ ምሥጢር ነበር። አባዬ መጀመሪያ ሳቀብኝ። ከዚያ ወረቀቱን ዘቅዝቆም አቅንቶም ካየው በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይቅርታ በል አይልም ይሄ?" አለኝ።

"አይልም አባዬ።"

"ተቆጣም አይልም?"

"አይልም። መጠየቅ ብቻ ነው። እውነቱን ብቻ። ሳትቆጣ፣ ሳታኮርፍ፣ ሳታሾፍ።"

"ሰላምታስ?"

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። እኛ አገር ሰላምታ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ አዝመራው ደህና ተባብሎ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እስኪባል ሽሮ ይበስላል። ትዕግሥት የሰጠችን ምሳሌ ውስጥ ግን ስንት ሰዓት ነው ከተባለ አራት ሰዓት ነው፤ ሌላ ነገር የለም። ጥቂት አሰብኩና፣ "ሰላምታው ወደ ሌላ ክብ ሊወስድህ ይችላል፤ ቀጥታ ወደ ጥያቄው ግባ" አልኩት። አባዬ በጣም ደስ አለው። ለካ አርባ ቀን ሙሉ የቸገረው እንዴት ብሎ አፉን እንደሚከፍት ነበር። ያዘጋጀሁለትን ሦስት ጥያቄ እንደ ቁርኣን ተማሪ እየደጋገመ አጠና። ሰብለም በበኩሏ አባቷን፣ "አያ ይማም የሆነ ነገር ከጠየቁህ፣ ተረጋጋና የተጠየቅከውን ብቻ መልስ" ብላቸው ኖሯል።

በማግሥቱ ጠዋት አባዬ ንጹሕ ሽርጡን አሸርጦ፣ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከትቶ ወጣ። እኔና ሰብለ ከቁልቋሉ ሥር ተኝተን እናያለን። አያ ሞላ ደጃቸው ላይ ዶማ ይስላሉ። አባዬ ሄደና ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። አሰላሙ ዐለይኩም የለ፣ እንዴት አደርክ የለ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ፊቱን እንደ ግድግዳ አድርጎ፣

"ሞላ። ፍየሏ የገባችው በስንት ሰዓት ነው?" አለ።

አያ ሞላ ዶማው ከእጃቸው ወደቀ። ወዲያው ግን ሰብለ ያለቻቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። "ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ" አሉ።

"ችግኙ የተተከለው የት ጋ ነው?"

"ከአጥሩ ሦስት ክንድ ወደ ውስጥ።"

"በዓይን ያየ ሰው አለ?"

"አለ። ምስክር አለኝ።"

ሰብለ እጄን በደስታ ጨመቀችኝ። ቀስቶቹ እኮ ቀጥ ብለው ሄዱ፤ ቀጥ ብለው ተመለሱ! አንድም አልተጠላለፈም! ግን የሁለቱ ፊት እንደ ቀስቶቹ ቀጥ አላለም። አባዬ "ምስክር" የምትለዋን ቃል ሲሰማ ጆሮው ቀላ። አያ ሞላም ዓይናቸው ፈጦ ነበር። አባዬ ሌላ ጥያቄ አላጠናምና ዞሮ ሄደ። ገና ከደጃፉ ሳይርቅ አያ ሞላ ወደ ቤታቸው ሮጠው ገብተው፣ "አንቺ ሴት! ይማም ሊከሰኝ ነው! እንደ መርማሪ ቆሞ ቃሌን ተቀበለኝ! ጋቢዬን ስጪኝ!" ሲሉ ሰማን። ወደኛ ቤት ሮጥኩ፤ አባዬ እማን "ምስክር አዘጋጅቷል! የሃያ ዓመት ወዳጄ ምስክር ቆጥሮ ጠበቀኝ!" እያለ ከዘራውን ይፈልጋል። አርባ ቀን ኩርፊያ የነበረው ነገር፣ በኔ ሥልጠና በአንዲት ጠዋት ክስ ሊሆን ነው። ሰብለ በአጥሩ ቀዳዳ መጥታ፣ "ሐያት፣ ወልድያ ቀረች በቃ" ብላ እንባዋን ለቀቀችው። እኔም ያን ቀን ወረቀት የሚባል ነገር ድጋሚ ላልነካ ማልኩ። (መሐላው ሦስት ዓመት አልቆየም፤ እያያችሁት ነው።)

ሁለቱም ለየብቻቸው ሮጠው የደረሱት ሼህ እንድሪስ ጋ ነበር፤ ሼሁ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ክርስቲያኑንም እስላሙንም የሚያስታርቁ። ከሰዓት በኋላ እኛ ደጅ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። እኔና ሰብለ ከአጥሩ ጀርባ ተሸጉጠናል። ሼሁ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ፣ "በሉ እንግዲህ፣ ከሳሽ ይጀምር" አሉ።

"እኔ ተከሳሽ ነኝ" አሉ አያ ሞላ።

"እኔም ተከሳሽ ነኝ" አለ አባዬ።

"ሱብሐነላህ! ሁለት ተከሳሽ ኖሮት አንድም ከሳሽ የሌለው ነገር ገና ዛሬ አየሁ።"

አባዬ በንዴት ኪሱ ገባ። "ሼህዬ፣ እኔ ክፉ ነገር አልተናገርኩም። የተናገርኩት እዚህ ወረቀት ላይ ያለውን ነው፤ ይኸው!" ብሎ ሦስቱን ክቦች አወጣ። አያ ሞላ አንገታቸውን አስግገው ወረቀቱን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ከጋቢያቸው ሥር እጃቸውን ሰደው የራሳቸውን ወረቀት አወጡ። ያው ክብ። ያው ቀስት። ያው በቀይ የተቀባ መሐለኛ። ሼህ እንድሪስ ሁለቱን ወረቀት ተቀብለው አስተያዩ፤ ገለበጡ፤ ወደ ፀሐይ አነሡ። "ሦስት ጉልቻ ነው የሣላችሁት" አሉ፣ "ድስቱ የት አለ? የማን እጅ ነው ይሄ?"

አባዬና አያ ሞላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአርባ ቀን ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ተመለከቱ። ወደ አጥሩ። ወደኛ።

ጎትተው አወጡን ማለት ይቻላል። ሼሁ አስረጂ አሉኝ፤ ወላጁን፣ አዋቂውን፣ ልጁን አስረዳሁ። ሼሁ በጽሞና ሰሙኝ። "እኔም ውስጥ ልጅ አለ ነው የምትይኝ?" አሉ።

"አዎን አባባ።"

"እንጃ፣ ካየሁት ቆየሁ።" ጢማቸውን አሻሹ። "እና እነዚህ ሁለቱ ሦስት ሦስት ከሆኑ ስድስት ሰው ነው ያመጣችሁብኝ። ስድስት ሰው አንድ ሽማግሌ አይችልም፤ ወላሂ ሰው ልጨምር።"

ያን ጊዜ አያ ሞላ ፈነዱ። በኔ ላይ ነው የፈነዱት። በመንደራችን የጎረቤት ልጅ ለመቆጣት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ እሳቸው ደግሞ አርባ ቀን ሙሉ አልተቆጡኝም ነበር፤ ተጠራቅሞባቸዋል። "አንቺ ሐያት! ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ የሰው ደጅ ይቆማል? አባትሽ መጥቶ ፊቱን እንዲያ ሲያደርግ እኮ ልቤ ነው የቆመው! ሩቅ ያለ ዘመዴ ሞቶ ሊያረዳኝ የመጣ መስሎኝ ነው! የሃያ ዓመት ሰላምታ በሁለት ቀን ሥልጠና ይቀራል? አይቀጡሽም እንዴ እቤትሽ?"

"ልክ ነው ሞላ! ቆንጥጣት!" አለ አባዬ።

ሼሁ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። አባዬ አፉ ላይ የቀረውን "ሞላ" እንደ ፍሬ ሲያላምጥ አየሁት። አያ ሞላ ዞረው አዩትና፣ "አንተስ የኔዋን ምን ትጠብቃለህ? ቆንጥጣት እንጂ" አሉት። አባዬ ወደ ሰብለ ዞረ። "አንቺስ! አባትሽን 'ተረጋጋና መልስ' ትይዋለሽ? ሞላ ተረጋግቶ ያውቃል? እኔ እኮ ታሞ መስሎኝ ነው!" ከዚያ አንዱ የአንዱን እየቀጠለ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው እየተካው፣ ስለ ሰላምታችን፣ ስለ ሻርፓችን፣ ስለ ፈርጡ፣ ስለ ወረቀቱ ወረዱብን። አንገታችንን ደፍተናል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ቁጣ ደርሶብኝ አያውቅም። በመሐል አያ ሞላ ጣታቸውን ቀስረው፣ "ደግሞ ወልድያ ሄዳችሁ እንዲህ ያለ ክብ ብታመጡብን!" አሉ። አባዬም፣ "ኪራዩን በዚያኑ ቀን ነው የምናፈርሰው!" አለ። ሰብለ ከሥር በእግሯ ረገጠችኝ። ወልድያ ሄዳችሁ! አሉ እኮ! ፈገግ እንዳልል ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት። ሼህ እንድሪስ ግን አይተውኛል፤ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገውልኝ ተነሡ። ካየሁት ቆየሁ ያሉት ልጅ የተገኘ መሰለኝ።

አሁን ሳስበው ትዕግሥት ያለችው እውነት ነው፤ የተጣለ ክብ የለም። ሁለቱን ያስታረቃቸው እኔ በቀይ የቀባሁት መሐለኛው አይደለም፤ ተራ በተራ የወላጅ ክባቸውን እኛ ላይ ሲያወርዱ ነው ወዳጅነታቸውን መሐል ላይ ያገኙት። እኛም በዚያች ሰዓት ከታችኛው ክብ ንቅንቅ አለማለታችን ትልቅ ብልሃት ነበር፤ ባናስብበትም። ያ ችግኝ ደግሞ አናቱን ፍየሏ ስለቀጠፈችው ከጎኑ ሁለት ቅርንጫፍ አወጣ፤ ከሦስቱ ቀድሞ ዘንድሮ ያፈራው እሱ ነው። ስድስቱ ማንጎዎች የሱ ናቸው። አባዬ "ፍየሌ ናት የገረዘችው፤ ግማሹ የኔ ነው" ይላል፤ አያ ሞላ "እንግዲያው ፍየሏ ትብላው" ይላሉ፤ በዚህ ዓመቱን ሙሉ ሲሳሳቁ ከርመዋል። ወረቀቱን ግን አባዬ ለምን ሦስት ዓመት እንደያዘው፣ እማስ ከየት ኪስ አውጥታ ሚጥሚጣ እንደጠቀለለችበት አላውቅም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እሑድ ስለሆነ እነሱ ናቸው። በአንድ ስልክ ነው የሚደውሉት፣ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ግንባር ለግንባር ተደግፈው። መጀመሪያ ሰላምታው መጣ፤ እኛ ደህና፣ እነሱ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ፍየሏ ደህና፣ ቁልቋሉ ሳይቀር ደህና። ከዚያ ሁለት ድምፅ በአንድ ላይ፣ "ስንቁ ከደረሰ ትናንት ለምን አልደወላችሁም? ስንቴ እንንገራችሁ?" አሉ። ሰብለ አየችኝ፤ አየኋት። ሚጥሚጣ የበዛበትን ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተን ስልኩን ከላይኛው ክብ ላይ አስቀመጥነውና፣ ሁለታችንም ከታችኛው ክብ በኩል ተንበርክከን፣

"እሺ አባዬ፣ እሺ አያ ሞላ፣ ሁለተኛ አይለመደንም" አልን።